ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍል

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6

ዛሬም መዝናኛ ፓርክ። ዘንድሮ ስንተኛዬ ነው? አሥራ ዘጠኝ… ወይ ሃያ። በር ላይ ያለችው ሴትዮ የዓመት ካርዴን ማየት ትታለች። «ደግሞ መጣሽ?» ብቻ ነው የምትለው።

አሮጌውን የእንጨት ሮለር ኮስተር፣ ያንን ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ ባቡር፣ አራት ጊዜ ወጣሁ። አቋሜን አልቀይርም፦ የፊት ወንበር ለፎቶ ነው፣ የኋላ ወንበር ለነፍስ። ከኋላ ስትሆኚ ቁልቁለቱ ሳያስጠነቅቅ ነው ጎትቶ የሚወስድሽ። ዴክ አይስማማም። (የኮሌጅ ጓደኛዬ። መኪናው የሱ፣ ጉጉቱ የኔ።)

«ኢንጂነር ሆነሽ ሞተሻል፣ ወገብሽ ካልተሰበረ አይጥምሽም» አለኝ።

«አንተ ደግሞ እጅህን ታነሳና ዓይንህን ትጨፍናለህ።»

ወሬ ቀየረ። እውነት ነዋ!

ሌሎች አቋሞች… ማን ጠየቀኝ? ማንም። የድንች ጥብስ ያለ አቼቶ አይበላም። አዲሱ የብረት ኮስተር ስለ ፍጥነቱ ብቻ ነው የሚያወራው፤ ስለ ደሞዙ ብቻ እንደሚያወራ ሰው ነው። አንዴ ይደነቃል፣ ሁለተኛ አይጋበዝም። የውሃ ጀልባው ከሰዓት በኋላ እንጂ ጠዋት አይወጣም፤ ቀኑን ሙሉ በእርጥብ ካልሲ መዞር ምን የሚሉት ጥጋብ ነው?

ፏፏቴው ዙሪያ የፕላስቲክ አፅም እየተከሉ ነበር። ሰው ገና በካናቴራ ነው፣ ፔንስልቬንያ በሙቀት እየቀለጠች ነው፣ አፅሞቹ ግን ደርሰዋል። ልቤ ዘለለ። የጣረሞት ወቅት መጣ፤ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ሰው ከፍሎ ጨለማ ቤት ውስጥ የሚደነግጥበት!

ከተመረቅኩ አራት ወር ሞላኝ። ኮስተር ለሚሠሩ ድርጅቶች ሁሉ ጽፌያለሁ። ዝም። ለዚህ ይሆን እግሬ አንድ ቦታ አልቀመጥ ያለው?

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ኢሜይል የለም። ለጊዜው በምሠራበት አትክልት መደብር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዱባ ስደረድር ዋልኩ። ስለ ዱባም አቋም መያዝ ጀምሬያለሁ… ያሳፍራል።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 21

ትናንት የትልቁ ፓርክ የጣረሞት ምሽት ተከፈተ። ስድስት ቤት፣ ስድስቱንም ገባሁ። ዛሬ የኢንተርኔት ገጼ ላይ አወጣሁት። የገጼ ደንብ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ቤት ደንግጬ ስንት ጊዜ እንደዘለልኩ እቆጥራለሁ፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ። አራት ሺህ ሰው ይከታተለኛል። የሙያዬ ሥራ የለኝም፣ ተከታይ ግን አለኝ!

የክላውኖቹ (ፊታቸውን የተቀቡ ቀልደኞች) ቤት ሁለት ዝላይ። ሆስፒታሉ አምስት (አልጋው ሥር ያለችው ነርስ ሊቅ ናት)። መውጫው ላይ የሞተር መጋዝ ይዞ የሚያሳድደው ሰውዬ… ርካሽ ነው፣ የሁሉም ቤት መውጫ እንደዚያ ነው። ግን ዘለልኩ። ቁጥር አይዋሽም።

እማዬ ቁርስ ላይ፣ «ገንዘብ ከፍሎ መደንገጥ! እኔ የኤሌክትሪክ ሂሳብ ሲመጣ በነፃ እደነግጣለሁ» አለች።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 28

ትናንት ኮፐር ሚልስ መንደር። የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞቹ በየዓመቱ የሚያዘጋጁት የጣረሞት ጎተራ። ከቤታችን አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ በሕይወቴ መጀመሪያ የገባሁበት የጣረሞት ቤትም እሱ ነው። ለዚህ ነው ጠበቅ ያልኩበት። በሚወዱት ነው የሚጨክኑት… አይደል?

የጻፍኩትን እዚህም ላስቀምጠው፦

«ጎተራው ደግ ነው፣ ትኩሱ የፖም ጭማቂም ግሩም። ሰባት ክፍል፣ አራት ዝላይ። ችግሩ ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍል ነው። አንድ ሽማግሌ የሬሳ ሣጥን አጠገብ ቆሞ ያያል። ቆሞ ያያል፤ በቃ። አይናገር፣ አይንቀሳቀስ። ሲሰለቸው አንድ እርምጃ ገለል ይላል፣ በሩ ይከፈታል። ቁጥር፦ ዜሮ። አባት ሆይ፣ በክብር ጡረታ ይውጡ። ቦታውን መጋዝ ለያዘ ወጣት ይስጡልን።»

ዴክ ሲያነበው ሳቀ። «"አባት ሆይ" ያልሽው ይገድላል» አለ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

ብዙ ሰው ተቀባበለው! ከእስከ ዛሬው ሁሉ ይበልጣል። «ልክ ነሽ፣ ሽማግሌው እንቅልፍ ያመጣል።» «እኔ ሐውልት መስሎኝ ነበር።» ስልኬን በየደቂቃው ሳይ ዋልኩ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ገሠጸኝ። ይሄን የሚያይ የኮስተር ድርጅት ይኖር ይሆን?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3

ጃኬቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ከንዴት? አይደለም…

ከሰዓት መደብሩ ውስጥ አንዲት ሴትዮ መጣች። አጭር፣ ፀጉሯ ነጭ፣ የእሳት አደጋ ጃኬት የለበሰች። ሦስት ዱባ መረጠች። ከዚያ፣

«ኮሪን ስላቪክ አንቺ ነሽ? ያቺ የምትዘልይው?»

«አዎ…»

«ዶት ሃርትዘል እባላለሁ። ጎተራው የኛ ነው። ሣጥኑ አጠገብ የቆመው ባሌ ነው፤ ሜርል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ይቅርታ ልል ስል እጇን አነሳች።

«አልተቆጣሁሽም። የልጅ ልጃችን ነው ያነበበለት። ሁለቴ አስነበበው። ከዚያ "ልጅቷ ልክ ናት" ብሎ ካፖርቱን ሰቀለ። ዛሬ ማታ አይመጣም። ነገም። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ በቃኝ አለ።»

«እኔ እኮ… ሚስዝ ሃርትዘል፣ እንደዚህ ይሆናል ብዬ…»

«ዶት በይኝ። ዱባዎቹን መኪናዬ ድረስ አድርሽልኝ፣ ወገቤ አይችልም።»

አደረስኩላት። ልትሄድ ስትል የመኪናዋን መስኮት ዝቅ አድርጋ፣ «መጋዝ የያዘ ወጣት አግኝተንልሻል። ነገ መጥተሽ እዪ» አለችኝ። ፊቷ ላይ ቂም ፈለግኩ። አጣሁ። ይሄ ይብሳል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

ትናንት ሄድኩ። ባልሄድኩ… አይ፣ መሄዴ ይሻላል።

በሜርል ቦታ ብራይስ የሚባል ወጣት የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ጥርስ የሌለው መጋዝ ይዞ። ልክ እንደጻፍኩት። ሰው ጮኸ፣ እኔም ዘለልኩ፣ በሩ ተበረገደ፣ አብረን የገባነው ስድስታችንም ወደ መጨረሻው ክፍል ሮጥን። እዚያ ግን ከፊታችን የነበሩት ስድስቱ ገና አልወጡም። ከኋላችን ያሉትም በመጋዝ ተባረው መጡብን። አሥራ ስምንት ሰው በአንድ ጠባብ ጨለማ! ማን ማንን እንደሚያስፈራ አይታወቅም። ጣረሞት ሆና የምትሠራው ልጅ ራሷ «አትግፉኝ!» ብላ ጮኸች።

አንድ ግዙፍ ሰውዬ፣ የእግር ኳስ ጃኬት የለበሰ፣ ድምፅ አላሰማም። ዝም ብሎ ዞሮ ወደ መጣበት ሮጠ። ሁለት ሴቶችን ጥሎ አለፈ። የአንዷ እጅ ወለም አለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አለቃ ዴል መብራት አበራ።

መብራት የበራበት የጣረሞት ቤት… ከዚያ የሚያሳዝን ነገር አላውቅም። ሳንቃ፣ ጥቁር ላስቲክ፣ ከክር የተሠራ የሸረሪት ድር። ሰውዬው ጥግ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ጓደኞቹ በስልክ እየቀረጹት ይስቃሉ።

አለቃ ዴል ሁላችንም እየሰማን፣ «እንደዚህ ከሆነ በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሴ ነኝ የምቆልፈው» አለ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጎህ ሲቀድ ገባኝ። እኔ! አራት ዓመት የተማርኩት እኮ ይሄንን ነው! ኮስተር ላይ ሐዲዱ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል ላይ አንድ ባቡር ብቻ። የፊተኛው ሳይወጣ የኋለኛውን የሚይዝ ፍሬን አለ። ተሳፋሪ አያየውም፣ አያመሰግነውም። ፍሬኑ ከሌለ ባቡር ባቡር ላይ ይወጣል።

ሜርል ፍሬኑ ነበር። «ሲሰለቸው ገለል ይላል» ያልኩት… አልሰለቸውም። የፊተኞቹ እስኪወጡ ነበር የሚጠብቀው።

ገጼ ላይ ያለውን ሰረዝኩት። ለዴክ ደውዬ ነገርኩት። «ሰርዘሽው ምን ዋጋ አለው፣ ሰው ቀድቶታል» አለኝ። አዎ። «ሽማግሌውን የገላገለችን ጀግና» ብለው ስሜን ጽፈዋል።

ማስተካከያ እጽፋለሁ። የሚሠራውን ሁሉ አስረዳለሁ። ሜርል ወቅቱ ሳያልቅ መመለስ አለበት። አራት ሳምንት አለ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ማስተካከያውን ጽፌ፣ ከማውጣቴ በፊት ላሳያት ብዬ ዶት ቤት ሄድኩ። የፖም ፓይ ቆረሰችልኝ፣ መነፅሯን አደረገች፣ አነበበች። መለሰችልኝ።

«ጥሩ ጽፈሻል። ግን ግማሹን ነው የምታውቂው። ስለ ክዳኑ አታውቂም።»

«የምን ክዳን?»

ዞር ዞር ብላ አየች፣ በገዛ ወጥ ቤቷ ውስጥ።

«ሜርል የሚያየው የመጨረሻው ክፍል ባዶ ሲሆን የምትጠፋዋን አምፖል ብቻ አይደለም። ሰውን ነው የሚያየው። ከስድስቱ መሀል ከእንግዲህ አንድ ክፍል እንኳ መጨመር የማይችል ይኖራል። ሁልጊዜ ባይሆንም። ለዚያ ሰው ጠጋ ይልና በቀስታ "ይቺን ክዳን አግዘኝ" ይለዋል። የሬሳ ሣጥኑን ክዳን በሁለት ጫፍ ይዘው በጎን በር ይወጣሉ። ጓደኞቹ የተመረጠ ነው የሚመስላቸው። እሱም የተመረጠ ነው የሚመስለው። ውጪ ጭማቂ ይጠጣል፣ ይቀላቀላቸዋል። ተሸንፎ ወጣ የሚለው የለም። ሜርል ጡረታ እስኪወጣ የተማሪ አውቶብስ ነጂ ነበር፤ በመስታወት ሰው ማየት ያውቅበታል።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እዚያው ጎተራ፣ ከአጎቴ ልጆች ጋር። አንድ ካፖርት የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ «ይቺን ክዳን ብታግዢኝ» አለኝ፤ ያ ሰው ሜርል መሆኑን እስከ ዛሬ አላገናኘሁትም። እኔን! ከሁሉም እኔን! ስለማልፈራ ነው ብዬ… አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ። የኮሌጅ ማመልከቻዬ ላይ እንኳ ጽፌዋለሁ። ይሄን ሁሉ ቤት የዞርኩት «እኔ ክዳኑን የተሸከምኩ ነኝ» ብዬ ነው።

እንባዬ መጣ። ዶት አይታ፣ «አንቺም?» አለች። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ሌላ ቁራሽ ፓይ ጨመረችልኝ።

«አሁን ገባሽ ለምን መጻፍ እንደሌለብሽ? ይሄን ያወጣሽ ቀን ክዳን የያዘ ሁሉ ፈሪ ይባላል። ያለፈውም፣ የሚመጣውም።»

«ታዲያ የሚስተር ሃርትዘልን ስም እንዴት ላጥራላቸው?»

«እሱን ራሱን ጠይቂው።»

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ሜርልን ጋራዡ ውስጥ አገኘሁት። የሣር ማጨጃ ፈትቶ መሬት ላይ ዘርግቷል። ረጅም ነው፣ ጉልበቱ ሲታጠፍ ይሰማል።

«ሚስተር ሃርትዘል፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ለምን? ዋሽተሻል?»

«አልዋሸሁም። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«እንግዲያው ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል። ያንን ትንሹን የብሎን ቁልፍ አቀብዪኝ።»

አቀበልኩት። «ማየት የነበረብኝን ስላላየሁ ነው» አልኩ።

ቁልፉ ቆመ። ክዳኑን እንደተሸከምኩ ነገርኩት። የስንት ዓመት ልጅ እንደነበርኩ፣ ምን ጃኬት እንደለበስኩ… ያስታውሰኝ ይሆን ብዬ።

«አላስታውስሽም» አለ። «አንዳችሁንም አላስታውስም፤ ሆን ብዬ ነው። ባስታውስ መንገድ ላይ ሳገኝሽ ፈርተሽ እንደነበር በዓይኔ እነግርሽ ነበር።»

አንድ ብሎን አንስቼ መለስኩት።

«ይመለሱ» አልኩት። «ጎተራው ሊዘጋ ነው።»

«ሰባ አራት ዓመቴ ነው። አምስት ሰዓት መቆም ለጉልበቴ ከብዶታል። ጽሑፍሽ ሰበብ ሆነኝ።» ጨርቅ አንስቶ እጁን ጠረገ። «ግን ልንገርሽ? አንጀቴን አቃጥሎኛል። "ቆሞ ያያል፤ በቃ።" ቀላል መሰለሽ! አንቺ እዚህ ከገባሽ አንድ ቦታ ቆመሽ አታውቂም። ሦስት ጊዜ ጋራዡን ዞርሽው።»

እውነት ነው። በዚያ ሰዓት በሩ አጠገብ ነበርኩ፣ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

«ልቁም?» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። «እርስዎ እስኪመለሱ እኔ ልቁም?»

ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አይደለም። ግን ስወጣ ከኋላዬ ጠራኝ፦

«የሚጮኸውን ተዪው። የሚጮህ ሰው እየተነፈሰ ነው። ዝም ያለውን እዪ።»

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ቆምኩ። አለቃ ዴል «አንድ ማታ እሰጥሻለሁ» አለ። ጥቁር ልብስ፣ ፊቴ ላይ አመድ።

ወይ ጉድ። ወይ ጉድ! አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እግሬ አሳከከኝ። አፍንጫዬ አሳከከኝ። ያለሁበት ክፍል ጥግ ላይ፣ ወለሉ ጋ ትንሽ ቀይ አምፖል አለች፤ የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ሰው እስካለ ትበራለች። እስክትጠፋ ስድስት ሰው ፊት ለፊት ቆሜ ማየት ብቻ። የሰውን ፊት አርባ ሰከንድ ዝም ብዬ አይቼ አላውቅም። ማንስ ያያል?

አንዲት ኮረዳ ለማሳቅ የሚፈልግ ጎረምሳ፣ «አክስቴ፣ አውቶብስ እየጠበቅሽ ነው?» አለኝ። ሌላው፣ «አምልጧታል ባክህ፣ ከነሣጥኗ ጥሏት ሄዷል!» ጓደኞቻቸው አስካኩ። ልመልስላቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

ግን ማንም ማንም ላይ አልተከመረም። አለቃ ዴል ሲዘጋ፣ «ሌላ ቅዳሜ አለሽ» አለ።

ክዳኑን ለማንም አልሰጠሁም። ዝም ያለ ሰው አልነበረም? ወይስ አላየሁትም?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ቃለ መጠይቅ! በመጨረሻ! ኦሃዮ ያለ ኮስተር የሚሠራ ድርጅት፣ በቪዲዮ። ሦስት ሰዎች። ገጼን አንብበውታል። አንደኛው፣ «ብዙ አስተያየት አለሽ። የተሳሳትሽበት አለ?» አለኝ።

የተዘጋጀሁበት መልስ ነበር። ተውኩትና ስለ አንድ ፍሬን ነገርኳቸው። የማይታይ ፍሬን፣ አይሠራም ብዬ ያስወጣሁት። የሰውዬውን ስም አልጠራሁም። ክዳኑንም አላነሳሁም። ሦስቱም የሆነ ነገር ጻፉ። ጥሩ ነገር ይሁን መጥፎ… ሴትዮዋ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ወይ ኢንተርኔቱ ተቆራርጦ ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ትናንት ክዳኑን ሰጠሁ። ለተሳሳተ ሰው።

አንዲት ልጅ ዓይኗን አፍጣ ዝም ብላለች። ይቺ ናት አልኩ። ጠጋ ብዬ በቀስታ፣ «ይቺን ክዳን ብታግዢኝ።»

«እኔ ለምን? ሃያ አምስት ዶላር ከፍዬ ዕቃ ልሸከም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስታፈጥ የነበረው ሣጥኑን ነው፣ ከምን እንደተሠራ። አናጺ ናት! ትክክለኛው ሰው እሷ ጀርባ ነበር፣ ባሏ መሰለኝ፣ ጣቱን በጣቱ እየቆጠረ። አምፖሏ ጠፋች፣ በሩ ተከፈተ፣ ገባ። ከመጨረሻው ክፍል ሲወጣ በጎን በሩ በኩል አየሁት። ፊቱ እንደ ወረቀት። ጓደኞቹ ጀርባውን እየመቱ ይስቁበታል።

ለዶት በስልክ ነገርኳት። ሜርል አጠገቧ ነበር፤ ድምፁ ይሰማኛል። «መጀመሪያ ዓመት አሥራ አንድ ሰው አምልጦኛል በያት።» ከዚያ፣ «እንደ እንግዳ በፊተኛው በር ገብቼ አላውቅም እኮ። አንድም ቀን» አለ። ለኔ ይሁን ለሷ አላወቅኩም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ዴክ፦ «ቅዳሜ ትልቁ ፓርክ አዲስ ቤት ይከፍታል። ትሄጃለሽ?» አልሄድም አልኩት። ታመምሽ ወይ አለኝ።

ገጼ ላይ አሁንም ሽማግሌውን ይሰድባሉ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር ሁሉንም ዝም ለማሰኘት። ጣቴ ስልኩ ላይ… አስቀመጥኩት።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

ሁሉንም ልጻፈው። አንድም እንዳልረሳ።

ትናንት ምሽት ሁለት ሰዓት ገደማ ቡድን ገባ። አራት ጎረምሶች፣ እየተገፋፉ። ከኋላቸው ዶት፣ በሳቅና በጩኸት መሀል፣ ክንዷን ያስያዘችው… ሜርል። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል።

ትኬት ቆርጧል። ለካ አርባ ደቂቃ ተሰልፏል፤ አለቃ ዴል ቅደም ቢለው እምቢ ብሏል።

መጀመሪያ ሊፈትነኝ ነው የመጣው አልኩ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አንድ በአንድ አየሁ፣ እንዳለኝ። ጎረምሶቹ ይጮኻሉ፤ ደህና ናቸው። ዶት ትጮኻለች፤ ደህና ናት። ሜርል አይጮህም። ከንፈሩ ደርቋል። ዓይኑ እኔን አያይም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ነው፣ በር ይፈልጋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆመበት ክፍል ውስጥ ሆኖ የጎን በሩ የት እንደሆነ ጠፍቶታል።

እየፈተነኝ አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ጨለማና ጭስ፣ ከሚንቀሳቀሰው ወለል በኋላ… ፈርቷል። ከምር ፈርቷል።

ጠጋ አልኩ። በቀስታ፣ «ጌታዬ፣ ይቺን ክዳን ቢያግዙኝ?»

አየኝ። የሚስቅ መሰለኝ። አልሳቀም። ባርኔጣውን ለዶት ሰጠና ጫፉን ያዘ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ክዳኑ ሣጥኑን እንደ ከበሮ ይመታው ነበር፤ ቶሎ አነሳሁለት። በጎን በር ወጣን። ከኋላችን አንዱ ጎረምሳ፣ «እኔን ለምን አልመረጠችኝም?» ሲል ሰማሁ።

ውጪ ቀዝቅዟል። ክዳኑን አስቀመጥን። የድርቆሽ እስር ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን አሸ።

«ዶት ውስጥ ናት» አለ።

«ደህና ናቸው። እየጮኹ ነው።»

ያኔ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ክዳኑ ይከብዳል» አለ። «ከዚህኛው ጫፍ ይዤው አላውቅም። ሁልጊዜ ቀላል ክዳን እንሥራልህ ሲሉኝ እምቢ የምለው ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። መክበዱ ደግ ነው። እጅ የሚይዘው ነገር ያገኛል።»

ብዙ የምለው ነበረኝ። ስለ ጽሑፉ፣ ስለ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ስለ ሁሉም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። «ውስጥ ሰው አቁመሻል። ግቢ!»

ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

አለቀ። ትናንት የመጨረሻው ማታ ነበር።

ሜርል መጣ። ካፖርቱን ለብሶ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት እሱ ቆመ፣ እኔ ጥቁር ላስቲክ ጀርባ ሆኜ አየሁት። አርባ ሰከንድ፣ ስድስት ፊት፣ ዓይኑ እንደ እጅ ይዳስሳል። ጉልበቱ እምቢ ሲል ተቀያየርን። ወደ ቤት አልሄደም፤ በጎን በር በኩል ድርቆሹ ላይ ተቀምጦ ክዳን ይዘው የሚወጡትን ትኩስ ጭማቂ እየሰጠ ተቀበለ። አራት ሰው። ምን እንደሚላቸው ጠየቅኩት። «ስለ ጉልበቴ አወራቸዋለሁ። ወዲያው ይሻላቸዋል።»

አለቃ ዴል፣ «ከርሞስ?» አለው። ሜርል ወደ እኔ እየጠቆመ፣ «አንድ ሰዓት እኔ፣ አራት ሰዓት እሷ» አለ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ኦሃዮዎቹ ትናንት ጠዋት ደወሉ። ተቀበሉኝ! ከሚቀጥለው ሰኞ ሳምንት እጀምራለሁ። ስጮህ እማዬ የሆነ ነገር የተቃጠለ መስሏት ሮጣ መጣች። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ግን ደሞዝ አልነበረም። «ኦክቶበር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እረፍት ይኖረኛል?» ነው ያልኩት። ሴትዮዋ ለምን ብላ ጠየቀችኝ። መቆሚያ ቦታ አለኝ አልኳት። አልገባትም፤ ግን እሺ አለች።

ዛሬ ከሰዓት ሳንቃ ስናወርድ ስልኬ አላረፈም። ተከታዮቼ ናቸው። «ኮፐር ሚልስ ሽማግሌው ተመልሷል አሉ፣ ዘንድሮ ስንት ሰጠሽው?» «ሁለተኛ ገብተሽ ታውቂያለሽ?» «በዝርዝር ጻፊልን እንጂ!»

መዶሻዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ስለዚያ ክፍል አሥር ገጽ መጻፍ እችላለሁ። የሚያለቅሱበት ዓይነት።

ቁጥር አልጻፍኩም፤ ገብተው ራሳቸው ይዩት። አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩና ስልኬን አጠፋሁ፦

«ሂዱ።»